ከአራት እስከ ሰባት

ቢሮዬ ልደታ፣ አራተኛው ፎቅ ነው፤
ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው
የሻይ ብርጭቆዬ ድምፅ ነው የሚያሰማው።
ሰፈሩን በልደት የሰየመው ማን ነው?
እኔ እዚህ ተቀምጬ ሞት ነው የምቆጥረው።

ቤት እየመታሁ ልቀጥል ነበር፤
መዝገቡ ግን ቤት አይመታም።

ከየሆስፒታሉ በማዳበሪያ ታጭቀው መጡ፣
ጠርዛቸው የተበላ፣ ቡናማ ጠብታ የነካቸው፤
አዮዲን ይሁን ደም፣ አልጠየቅኩም።
እያንዳንዱ መስመር አንዲት እናት ናት፦
የገባችበት ሰዓት፣ የወለደችበት፣
ጾታ፣ ክብደት በግራም፣
ዳር ላይ በጥድፊያ የተጻፈ ውጤት።
ፕሮፖዛሉ ስልሳ ገጽ ነው፣ ጥያቄው አንድ፦
የፅንሱ ልብ ለመጨረሻ ጊዜ የተደመጠው መቼ ነው?

መዝገብ ሰባት፣ መስመር ሠላሳ አንድ።
ከምሽቱ አራት ሰዓት፦ የልብ ምት መቶ ሠላሳ ስምንት።
ደህና ልብ። የሚቸኩል ልብ።
ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ መሞላት የነበረበት ሳጥን
ባዶ፣
ባዶ፣
ባዶ፣ ባዶ፣
ባዶ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፦ ሞቶ የተወለደ። ወንድ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ።

የዚያን ሌሊት ተረኛዋን ፈልጌ አገኘሁ፣
ሲስተር እቴነሽን፣ ሰንጋ ተራ፣ ጡረታ ወጥታ።
«አሥራ አንድ አልጋ፣» አለችኝ፣ «ሁለት እጅ።
አምስተኛዋ ደም ይፈሳታል፣ ዘጠነኛዋ ትንቀጠቀጣለች።
ያቺ ልጅ ዝም ብላ ነበር።
ዝምታዋን እንደ ደህንነት ቆጠርኩት።»
ይህን የምጽፍበት ሳጥን ፎርሙ ላይ ፈለግሁ።
«የሰው ኃይል እጥረት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

እናቲቱን በስልክ አገኘኋት። ስሟን ላልጠራ ፈርሜያለሁ፤
ዘቢባ እንበላት። አብነት ጋ ጨርቅ ትነግዳለች።
ጥያቄ አሥራ አራት፦ ሲወለድ አልቅሶ ነበር?
አይ።
አሥራ አምስት፦ ተንቀሳቅሶ ነበር?
እንጃ።
አሥራ ስድስት፦ ድምፅ አሰምቶ፣ ተንፍሶ ነበር? አንዴም ቢሆን?
ዝም አለች።
ከጀርባዋ አንድ ሰውዬ በሜትር ዋጋ ይከራከራል።
«አንዴ፣» አለች፣ «ሻሽ በሩቅ ሲቀደድ እንደሚሰማ።
እነሱ እኔን ይጠርጉ ነበር፤ የሰማሁት እኔ ነኝ።
ድምፅ ያሰማ ልጅ ይሰገድበታል፣ ስም ይወጣለታል።
የእኛ ግን ሞቶ ተወለደ ተብሎ በካርቶን ወጣ።
እድሩ ድንኳን አልተከለ።
ያላሳደግሽውን፣ አሉኝ። አላህ ይተካልሽ፣ አሉኝ።
ተክቶልኛል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት።
ስለ እሱ የጠየቀኝ ሰው ግን
አንቺ ነሽ።»

በእኛ ሥራ ትንሽ ነገር ናት፦
ኮድ አንድ፣ ሞቶ የተወለደ፤
ኮድ ሁለት፣ ተወልዶ የሞተ።
ያው ሁለት ቃል፣ ቦታ ተለዋውጦ።
አንዱን ሰርዤ ሁለት ጻፍኩ፣ ቀን ጽፌ ፈረምኩበት፤
ከአንድ ትንፋሽ በላይ ያልኖረው ሰው
ልደታ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ተወለደ።
ስሙን ነግራኛለች።
ለስም የሚሆን ዓምድ የለንም።

ባለፈው ሳምንት ማዋለጃ ክፍል ገባሁ።
በየግማሽ ሰዓቱ የሚጮህ ደወል ግድግዳው ላይ ሰቅለናል፤
ርካሽ ነው፣ ባትሪው ያስቸግራል፣
ሌሊት ሌሊት ማን እንደሚያጠፋውም አናውቅም።
ጮኸ።
አዲሷ አዋላጅ ሐመልማል የእንጨቷን ማዳመጫ
ሆዱ ላይ አቁማ ጆሮዋን ደፋች፣
መዳፏንም ወደ እኛ ዘረጋች፦ ዝም በሉ።
ዝም አልን፣
አልጋ ሦስት እንኳ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።
የሐመልማል ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆጥራለች።

«መቶ አርባ ሁለት፣» አለች
እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ውስጥ እየፈለገች።